ሳላነብ የፈረድኩበት መጽሐፍ

ጥፋቴ ሁለት ነው። ያላነበብኩትን ልብ ወለድ እንዳነበብኩ አስመስዬ፣ ከእሱ ከተሠሩት ፊልሞች ጋር በመጽሔት ላይ አወዳደርኩት። ስህተቴን በጨዋ ደንብ የጠቆሙኝን አንድ አንባቢ ደግሞ በዚያው መጽሔት አላገጥኩባቸው። የመጀመሪያው ስንፍና ነው፤ ሁለተኛው ትዕቢት። ትዕቢቱ ይብሳል፤ ግን ያለ ስንፍናው ስለማይገባ ከስንፍናው ልጀምር።

መጽሐፉ የአሜሪካዊው ሪቻርድ ማቲሰን «አይ አም ሌጀንድ» ነው። በ1954 ታተመ (የመጽሐፉንና የፊልሞቹን ዓመታት የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ወረርሽኝ የሰውን ዘር ፈጅቶ የተረፈውን ደም መጣጭ አድርጎታል፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሮበርት ኔቪል የሚባል አንድ ሰው ብቻ ጤነኛ ሆኖ ቀርቷል። ማታ ቤቱን ቆላልፎ ሲከበብ ያድራል፤ ቀን ወጥቶ የተኙትን ሲገድል ይውላል። ታሪኩ በይፋ ሦስት ጊዜ ፊልም ሆኗል፦ በ1964 ቪንሰንት ፕራይስ የተወነበት «ዘ ላስት ማን ኦን ኧርዝ»፣ በ1971 ቻርልተን ሄስተን የተወነበት «ዘ ኦሜጋ ማን»፣ በ2007 ደግሞ የመጽሐፉን ስም እንደያዘ ዊል ስሚዝ የተወነበት።

ይህ የመጨረሻው አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው በእኛ ታኅሣሥ 2000 ነበር። ሚሌኒየሙን የተቀበልንበት ዓመት ነው። ኮፒው አዲስ አበባ ዲቪዲ አዟሪዎች እጅ ለመግባት ብዙ አልቆየም። ያኔ የአንድ መጽሔት የፊልም ዓምድ አዘጋጅ ነበርኩ። ፊልሙን አገር ምድሩ አይቶታልና ከሌላው የሚለየኝን ነገር ፈለግሁ። ሁለቱን አሮጌ ፊልሞች ከአንድ ወዳጄ ተዋስኩ። መጽሐፉን ግን አልፈለግሁትም። «አላገኘሁትም» ብል ይቀለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን አልፈለግሁትም ነው። ጽሑፉ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ደርሷል፤ ሦስቱንም ፊልሞች ያየ ሰው መጽሐፉ ምን እንደሚል መገመት የሚያቅተው አልመሰለኝም።

እናም ገመትኩ። የልብ ወለዱ ኔቪል ለበሽታው መድኃኒት አግኝቶ፣ ራሱን ለሰው ልጅ ሠውቶ እንደሚሞት ጻፍኩ። በዚህም መሠረት የ2007ቱ ፊልም ለመጽሐፉ ከሁሉም የታመነ ነው ብዬ ፈረድኩ። በፊልሙ ኔቪል ሴት ልጁን ማርሌ ብሎ ሰይሟል፤ ስለ ቦብ ማርሌም ይተርካል። በ1997 መስቀል አደባባይ ላይ የተከበረው የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት ገና ከአእምሯችን አልጠፋምና ለእሱ ሦስት አንቀጽ ሰጠሁት። ለመጽሐፉ የደረሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያውም ሐሰት።

ስለ 1964ቱ ፊልም የጻፍኩት ከሁሉም ያሳፍረኛል። በጥቁርና ነጭ፣ ሮም ውስጥ፣ በትንሽ ገንዘብ የተቀረጸ ፊልም ነው። እየተንገዳገዱ መጥተው በርና መስኮት የሚደበድቡትን ሙታን ሳይ ወዲያው የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ትዝ አለኝና «ከሮሜሮ የተሰረቀ» አልኩት። የሮሜሮ ፊልም የወጣው በ1968 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ከሚወጣ ፊልም እንዴት ይሰረቃል? ሮሜሮ እኮ መነሻው የማቲሰን መጽሐፍ እንደነበር ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ተበዳሪውን አበዳሪ፣ አበዳሪውን ሌባ አድርጌ አረፍኩት።

በዚህም አላበቃሁም። በፊልሙ መግቢያ ላይ የፊልም ጽሑፉን ካዘጋጁት መካከል ሎጋን ስዋንሰን የሚል ስም ይታያል። ስሙን ሌላ ቦታ አይቼው ስለማላውቅ ደፈርኩትና «የማቲሰን ሐሳብ ያልገባው ተራ ጸሐፊ» ብዬ ወረድኩበት። ሎጋን ስዋንሰን የማቲሰን የብዕር ስም ነው። ሰውየው የመጽሐፉን የፊልም ጽሑፍ መጀመሪያ ያዘጋጀው በ1950ዎቹ ለእንግሊዙ ሐመር ኩባንያ ነበር፤ የአገሩ ሳንሱር ፊቱን አዞረበት። ሐመር ጽሑፉን ሮበርት ሊፐርት ለሚባል አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር አሳለፈው። ማቲሰን ፊልሙን ታላቁ ፍሪትዝ ላንግ እንደሚያዘጋጀው ተነግሮት ነበር፤ ላንግ ቀርቶ ሲድኒ ሳልኮው መጣ። ጽሑፉ የሌሎች እጅ ገብቶበት ሲለዋወጥ ማቲሰን ከፋውና የራሱን ስም አንስቶ ስዋንሰን ሆኖ ገባ። እንግዲህ እኔ አንድን ደራሲ የገዛ መጽሐፉ አልገባህም ብዬ ገሥጬዋለሁ።

ጽሑፉ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደብዳቤ መጣ። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ እጅ ጽሑፋቸው የሰሌዳ ጽሑፍ ይመስላል። «ልጄ» ብለው ነው የጀመሩት። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ጠቅሰው፣ የመጽሐፉ መጨረሻ እኔ ከጻፍኩት ጋር ፈጽሞ እንደማይገናኝ ነገሩኝ። መጨረሻውን ግን አልጻፉልኝም፤ ራሴ እንዳነበው ፈልገው ነው። መጽሐፉን ካጣሁት የራሳቸውን ሊያውሱኝ አድራሻቸውን ከታች አኑረዋል።

ደብዳቤውን አላተምኩትም። በሚቀጥለው ዕትም ግን ስማቸውን ሳልጠራ መለስኩላቸው፤ ከመጽሐፍ ገጽ ቀና ብለው ስክሪን ማየት የማይችሉ፣ ዛሬም ልክ ያልሆነን ነገር ሁሉ በቀይ እስክርቢቶ የሚያርሙ የድሮ መምህራን አሉ አልኩ። የዝግጅት ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደብዳቤ እንደጻፉ ለወዳጅ ለዘመድ ነግረው ከነበረ፣ መልሱ ለእሳቸው እንደሆነ የገባው ሰው አይጠፋም። ሌላ ደብዳቤ አልጻፉልኝም።

ነገሩ ተመልሶ የመጣብኝ በነሐሴ 2013 ነው፤ ኮሮና ገና አልለቀቀንም። በዚያ ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ የዊል ስሚዝ ፊልም ውስጥ ያሉት አውሬዎች ክትባት ያበላሻቸው ሰዎች ናቸው የሚል ወሬ ተዛመተ። ከፊልሙ ጸሐፊዎች አንዱ አኪቫ ጎልድስማን ሳይቀር ታሪኩ የፈጠራ፣ ያውም የራሱ ፈጠራ መሆኑን ለማስረዳት ትዊተር ላይ ለመጻፍ ተገደደ። ቨርጂኒያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የመጽሔቴ ገጽ ነው። «በተበላሸ ክትባት ምክንያት» የሚለው ሐረግ በቀይ ተሰምሮበታል።

ፊልሙ ውስጥ ጥፋቱን ያመጣው ክትባት አይደለም። መጀመሪያው ላይ ኤማ ቶምሰን የተወነቻት ሐኪም በቴሌቪዥን ቀርባ ካንሰርን እንዲያድን የተለወጠ የኩፍኝ ቫይረስ መሥራቷን ትናገራለች፤ ዓለምን ያጠፋው እሱ ነው። ክትባት ያለው በ1971ዱ ነው፤ እዚያ ደግሞ ኔቪልን ያተረፈው ገና በሙከራ ላይ የነበረ ክትባት ነው፤ ራሱን ወግቶ ዳነ። ሁለቱን ፊልሞች አደባልቄ፣ ያዳነውን ገዳይ አድርጌ ጽፌ ነበር።

ደወልኩላት። «ተሳስቼ ነው» አልኳት።

«አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ። ግን ስህተት ነው።»

«ያን ጊዜ ከተሳሳትክ አሁን እንዴት ብዬ ልመንህ?»

መልስ አልነበረኝም። ላለመከተብ በእኔ ጽሑፍ ብቻ እንዳልወሰነች፣ ብዙ ሌላ ነገር እንደሰማች ነገረችኝና ወደ ልጆች ጨዋታ ወሰደችኝ። በኋላ ተከትባለች፤ በእኔ ምክር ሳይሆን አሠሪዋ ግዴታ ስላደረገው።

መጽሐፉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አስፈልጌ። 200 ገጽ አይሞላም። ዓምዴን ከመጻፌ በፊት በአንድ ቅዳሜ ይነበብ ነበር።

የመጽሐፉ ኔቪል ሐኪም አይደለም፣ ሳይንቲስትም አይደለም። በድሮው ዓለም የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ጄኔሬተሩን ያያል፣ ነጭ ሽንኩርት እየጎነጎነ በሩ ላይ ይሰቅላል፣ ቶርኖ ላይ ችካል ያሾላል፣ ይጠጣል፣ ክላሲካል ሙዚቃ ከፍቶ የውጪውን ጩኸት ለመሸፈን ይታገላል። ውጪ ከሚጮኹት ቀንደኛው ቤን ኮርትማን ነው፤ ጎረቤቱ፣ አብሮት ወደ ሥራ ይሄድ የነበረ ሰው። በየሌሊቱ ስሙን እየጠራ ውጣ ይለዋል። ኔቪል ስለ በሽታው የሚያውቀውን ሁሉ የተማረው ከቤተ መጻሕፍት ባመጣቸው መጻሕፍትና ሲጀምር ማስተካከል እንኳ ባልቻለው ማይክሮስኮፕ ነው። ጀርሙን ያገኘዋል። ችካሉ ለምን እንደሚገድል፣ መስቀል አንዱን አስፈርቶ ሌላውን ለምን እንደማያስፈራ ምክንያት ያበጅለታል። መድኃኒት ግን አያገኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ያውቃል፤ አውቆም ያልፈዋል። የሚገድላቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ሞተው የተነሡና ገና በሕይወት ያሉ በሽተኞች። ቀን ሲተኙ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። እሱም ለይቶ አይገድልም።

ሩት የምትባል ሴት በቀን ብርሃን ስትሄድ አይቶ ያሯሩጣታል፣ እየጎተተ ቤቱ ያስገባታል። ሰላይ ናት። በሕይወት ያሉት በሽተኞች በሽታውን የሚገታ ክኒን ሠርተው፣ ተደራጅተው አዲስ ማኅበረሰብ መሥርተዋል። ባሏን የገደለው ኔቪል ነው። ሸሽተህ ወደ ተራራ ውጣ ብላ ታስጠነቅቀዋለች፣ አይሄድም። ከወራት በኋላ የአዲሶቹ ሰዎች ታጣቂዎች በሌሊት ይመጣሉ፤ ኮርትማንን ዓይኑ እያየ በጥይት ሲጨርሱት ኔቪል ለዚያ ስሙን ሲጠራው ለኖረው ጠላቱ ያዝናል። እሱም ቆስሎ ይታሰራል። በእስር ቤቱ መስኮት ወደ ታች ሲመለከት ሕዝቡ ቀና ብሎ ያየዋል፤ በፊታቸው ላይ ያለው ፍርሃት እሱ ራሱ ለደም መጣጮች የነበረው ፍርሃት ነው። በእነሱ ዓለም በቀን እየመጣ የሚገድል ጭራቅ እሱ ነው፤ ለልጆቻቸው ተረት ሆኖ የሚቀረው እሱ ነው። በአደባባይ ሳይገድሉት ሩት የሰጠችውን ክኒን ውጦ ይሞታል።

መምህሩ ሊነግሩኝ ያልፈለጉት መጨረሻ ይሄ ነው። እኔ ከዚህ ሰው መስዋዕት ሠርቻለሁ።

መጽሐፉን ዘግቼ ሦስቱን ፊልሞች እንደገና ሳይ ቀድሞ ያላየሁትን አየሁ። ሦስቱም ኔቪልን ነጭ ጋዋን አልብሰውታል። በ1964ቱ (እዚያ ስሙ ሞርጋን ነው) ተመራማሪ ነው፤ በ1971ዱ የጦር ሠራዊት ሳይንቲስት፣ በ2007ቱ የጦር ሠራዊት ቫይረስ ተመራማሪና ሌተና ኮሎኔል። ፋብሪካ ሠራተኛው የትም የለም። ጋዋኑ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ችካል የያዘ ሰው የሚሠራው ግድያ ሲሆን፣ ጋዋን የለበሰ ሰው የሚሠራው ምርምር ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ደሙ ነው። በ1964ቱ ሞርጋን የራሱን ደም ለሩት ሰጥቶ ያድናታል። በ1971ዱ ኔቪል ከመሞቱ በፊት ከደሙ የተሠራውን ሴረም ለወጣቶቹ ያስረክባል። በ2007ቱ መድኃኒቱ በብልቃጥ ሆኖ ቬርሞንት ወዳሉት የተረፉ ሰዎች ይሄዳል። በመጽሐፉ ግን የኔቪልን ደም የሚፈልግ ማንም የለም። አዲሶቹ ሰዎች የራሳቸውን ክኒን ያለ እሱ ሠርተዋል። የመጨረሻው ሰው ለማንም አላስፈለገም። ማቲሰን የጻፈው አስፈሪ ነገር ይሄ ይመስለኛል፤ ሦስት የፊልም ቡድን ደፍሮ ሊያሳየው ያልቻለውም ይሄ ነው። እኔም ሳላነብ በልቤ የጻፍኩት መጨረሻ የእነሱ ዓይነት መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። ሁላችንም የምንፈለግ ሰዎች መሆን እንወዳለን።

ስለ «ዘ ኦሜጋ ማን» ብዙ አልልም። ደም መጣጮቹን ጥሎ ጥቁር ካባ የለበሱ፣ ቴክኖሎጂ የሚጠሉ፣ ራሳቸውን «ቤተሰቡ» የሚሉ ሰዎች አምጥቷል፤ መሪያቸው ድሮ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ነበር። ባዶዎቹ የሎስ አንጀለስ ጎዳናዎች ዛሬም ያምራሉ። መጨረሻ ላይ ሄስተን ፏፏቴ ገንዳ ውስጥ እጁን ዘርግቶ እንደተሰቀለ ሆኖ ይሞታል። እንዲህ ያለ መጨረሻ ላይ ተመልካች ጥያቄ እንዳይጠይቅ ተከልክሏል።

የ1964ቱ ለመጽሐፉ የቀረበው እሱ ነው፤ ሰርቋል ያልኩት። የቀን ውሎው አለ፣ ችካሉ አለ፣ ስሙን የሚጠራው ኮርትማን አለ። የሞተችው ሚስቱ ራሷ ተመልሳ ወደ ቤት የምትመጣበት ትዕይንት ከሌሎቹ ሁለት ፊልሞች ሙሉ ርዝመት በላይ ያስፈራኛል። ማቲሰን ፕራይስ ለቦታው አይሆንም ብሎ ያምን ነበር፤ እኔ አልስማማም፤ የፕራይስ ድካም የተጫነው ፊት ለዓመታት ብቻውን የኖረ ሰው ፊት ነው። አዲሶቹ ሰዎችም አሉ፤ ጭራቅ እንደሆነባቸውም ይነገረዋል። ግን ሞርጋን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጦር ተወግቶ ሲሞት የሚረግመው እነሱን ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ገባው፤ ይሄኛው ሳይገባው ሞተ።

እኔ ከፍ ከፍ ያደረግሁት የ2007ቱ ደግሞ ከማንኛውም በላይ የመጽሐፉ መጨረሻ አጠገብ ደርሶ የተመለሰ ነው። ኔቪል አንዲት በሽተኛ በወጥመድ ሲይዝ አንድ ወንድ ተከትሏት ፀሐይ ላይ ይወጣል፤ ቆዳው እየተቃጠለ ቆሞ ያየዋል። ኔቪል ይህን አይቶ፣ የሰውነት ጠባይ ጨርሶ ጠፍቶባቸዋል ብሎ በቪዲዮው ይመዘግባል። ተመልካቹ ሚስቱን ሊያስጥል የመጣ ባል ያያል፤ ሳይንቲስቱ የጠፋ አእምሮ ያያል። የላቦራቶሪው ግድግዳ ሞክሮባቸው በሞቱት ሰዎች ፎቶ ተሞልቷል። መጀመሪያ የተቀረጸው መጨረሻ እዚህ ላይ የቆመ ነበር፤ ወንዱ መጥቶ መስተዋቱ ላይ የቢራቢሮ ቅርጽ ይስላል፣ ሴቲቱ ላይ ቢራቢሮ ተነቅሷል። ኔቪል ሴቲቱን ይመልስለታል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ዞር ብሎ በፎቶ የተሞላውን ግድግዳ ያያል። በሙከራ ያዩት ተመልካቾች ይህን አልወደዱትም። ስለዚህ ተቀየረ፤ ሲኒማ ቤት በታየው ኔቪል ቦምብ ይዞ አብሯቸው ይጠፋል፣ ጀግና ይሆናል። የተጣለው መጨረሻ በኋላ በዲቪዲ ወጣ። መምህሩ ደብዳቤ ሲጽፉልኝ ዓለም ሊያየው በቅቶ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ኮፒ ይበቃኛል ብዬ ነበር።

ጎልድስማን እየጻፈው ነው የተባለው ሁለተኛ ክፍል ኔቪል ቦምቡን ይዞ የሞተበትን ትቶ በተጣለው መጨረሻ ላይ እንደሚቀጥል በ2023 ተናግሯል። እኔ ያወደስኩትን መጨረሻ የጻፉት ሰዎች ራሳቸው ትተውታል ማለት ነው።

የመምህሩ ደብዳቤ አድራሻቸውን እንደያዘ ከመሳቢያዬ ጠፍቷል። መጽሔቱም ከተዘጋ ቆየ። ስማቸውን አስታውሳለሁ፣ ግን ዛሬም ያለ ፈቃዳቸው አልጠራውም፤ አንድ ጊዜ ያለ ፈቃዳቸው መሳቂያ አድርጌያቸዋለሁና። ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ እጅዎ ከገባ፣ አንድም የተሳሳቱት ነገር አልነበረም። ያኔ ማተም የነበረብኝ የእርስዎን ደብዳቤ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ያ አሮጌ ጽሑፌ ፎቶ ኮፒ እየተደረገ ለፊልም ሠልጣኞች እንደሚታደል በቅርቡ ሰምቻለሁ። የምታድሉት ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉት። የ1964ቱ ፊልም አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብቱ ስላልተጠበቀ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ እሱን አሳዩአቸው። የ2007ቱን ሁለቱንም መጨረሻዎች አከታትላችሁ አሳዩአቸው። ከዚያ በፊት ግን መጽሐፉን አስነብቧቸው።